አድሚን የተባለው ደራሲ

በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎች በሥራቸው ብዛት ይሰለፉ ቢባል አንደኛውን ለመምረጥ ዳኛ አያስፈልግም። አድሚን ነው። ጠዋት የዶላርን ምንዛሪ ይተነትናል፤ ረፋዱ ላይ የዶሮ ወጥ አሠራር ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ስለ ደም ግፊት ይመክራል፤ ማታ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ውጤት ይዞ ከተፍ ይላል። በመሀሉ ግጥም ጣል ያደርጋል፣ የጨረታ ማስታወቂያ ያወጣል፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ይጽፋል። ይህን ሁሉ ሠርቶ ታመምኩ ብሎ አያውቅም፤ ክፍያዬ ዘገየ ብሎ አያውቅም፤ ጽሑፌን ለምን ቆረጣችሁት ብሎ ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛ አልደበደበም። ፎቶግራፉ ዓይንም አፍንጫም የሌለው ግራጫ ጥላ ነው። የአባቱን ስም የሚያውቅ የለም።

አድሚን እንዴት ለደራሲነት እንደበቃ ታሪኩ አጭር ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩበት ዎርድፕረስ የተባለ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲጫን ለመጀመሪያው ተጠቃሚ ማንንም ሳያማክር «አድሚን» የሚል ስም ያወጣለት ነበር። ከዕትም 3.0 ጀምሮ ግን «የፈለግኸውን ስም ምረጥ» ማለት ጀመረ። ሰዉም ምርጫ ሲሰጠው አድሚንን መረጠ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ፣ ካልነገሩት በቀር፣ ደራሲ ብሎ የሚመዘግበው ጽሑፉን የጻፈውን ሳይሆን በዚያ ሰዓት ገብቶ የለጠፈውን ነው። በየቢሮው የሚለጥፈው ደግሞ አንድ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉም አንድ ነው፤ እሱም በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ሞኒተሩ ግርጌ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

እኔ የምሠራበት መጽሔት ድረ ገጽም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። ነገሩ የተነሣው አንድ አንጋፋ ጸሐፊያችን ስልክ የደወሉ ዕለት ነው።

«ልጄ፣ ያቺ የመፈለጊያ ሳጥናችሁ ትሠራለች?»

«ትሠራለች ጋሼ።»

«እኔን ታውቀኛለች?»

«እንዴት አታውቅዎትም!»

«እንግዲያው ስሜን ጻፍና ጠይቃት።»

ጻፍኩ። ሳጥኗ ጥቂት አሰበችና አንድ ጽሑፍ ብቻ አወጣች። እሱም አንድ አንባቢ ጋሼን ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው የተቸበት ረጅም ደብዳቤ ነው። እሳቸው ለዓመታት ያበረከቱት ጽሑፍ አንዱም ብቅ አላለም።

«አየህ፣» አሉኝ፣ «የሰደበኝን ታውቃለች። እኔን ግን አታውቀኝም።»

ሳጥኗ አልዋሸችም። ዎርድፕረስ ይዞት የመጣው ፍለጋ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ርዕሱን፣ የጽሑፉን አካልና፣ ካለ፣ አጭር መግለጫውን። የደራሲው ስም ከሦስቱም ውስጥ የለም። ጽሑፉ በተቀመጠበት ሰንጠረዥ ላይ ደራሲው ቁጥር ብቻ ነው፤ 7 ወይም 12 ይባላል። ስሙ ያለው ሌላ ሰንጠረዥ ላይ ነው። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል እንደሚደረገው መሆኑ ነው፤ የሚጠራው የካርድ ቁጥር ነው፣ ስሙን የፈለገ ሌላ መዝገብ ይገልጣል። ፍለጋውን ያን መዝገብ ግለጥ ብሎ ያዘዘው የለም። ሰው ደግሞ የራሱን ጽሑፍ ሲጽፍ በየአንቀጹ ስሙን አያነሣም። ተቺው ግን ያነሣል፤ ከነአባቱ፣ ከነማዕረጉ፣ አንዳንዴም ከነቃለ አጋኖው። በዚህ ዓይነት ፍለጋ ታዋቂ ለመሆን ሁነኛው መንገድ መጻፍ ሳይሆን መሰደብ ነው።

መፍትሔው ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ነው ተባለ። የኮምፒዩተሩን ነገር የሚያውቀው ልጃችን ወንበሩን ሳበና «አንድ ራይት ማድረግ ናት» አለ። በኮምፒዩተር ሰፈር «አንድ ራይት ናት» የተባለ ነገር ምሳ እንደሚያስቀር ያን ጊዜ ማንም አላነሣም።

የፍለጋ ፕለጊን የሚሠራው እንዲህ ነው። ጽሑፎቹን ሁሉ አስቀድሞ ያነብና እያንዳንዱ ቃል የትኛው ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ የራሱን ዝርዝር ያወጣል፤ ኢንዴክስ የሚሉት ይህን ነው። አንባቢ ቃል ሲጽፍ የሚታየው ይህ ዝርዝር እንጂ ጽሑፉ ራሱ አይደለም። ሬሌቫንሲን የመሰሉ ፕለጊኖች ሴቲንጋቸው ውስጥ የደራሲውን ስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ የምትል ትንሽ ሳጥን አለቻቸው። እሷን ራይት ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ኢንዴክሱን እንደ አዲስ ማስገንባት ያስፈልጋል፤ የድሮው ዝርዝር ስለ አዲሱ ትእዛዝ የሰማው ነገር የለምና። ልጁ ይህን ሁሉ አደረገ። የጋሼን ስም ጻፍን። ያው ትችት ወጣ። «አድሚን» ብለን ጻፍን። መጽሔቱ ከነቅድመ አያቱ ተነቅሎ መጣ።

ፕለጊን ያላስገቡለትን ስም ከየትም አያመጣም። ስለዚህ ሥራው የድሮ ጽሑፎችን አንድ በአንድ እየከፈቱ ባለቤት መፈለግ ሆነ። የጸሐፊው ስም አንዱ ላይ ከርዕሱ ሥር ነው፤ ሌላው ላይ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌላው ላይ ከፎቶግራፍ አንሺው ስም ጋር ተቀላቅሏል። «ከዝግጅት ክፍሉ» የሚል አለ። «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» የሚል አለ። ኢንተርኔት የተባለው ሰው ከአድሚን ቀጥሎ ሁለተኛው ታላቅ ደራሲያችን መሆኑን ያወቅሁት በዚህ አጋጣሚ ነው። ሦስተኛው «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ነው።

ባለቤቱ የተገኘለትን ጽሑፍ ለመመዝገብ ስንነሣ ቅጹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ብሎ ጠበቀን። ለፈረንጅ የመጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም ነው። ለእኛ ግን የመጨረሻው ስም ሌላ ሰው ነው፤ አባት ነው። ዝርዝሩ በመጨረሻ ስም ሲደረደር ጸሐፊዎቻችን ሁሉ ወደየአባቶቻቸው ተሰበሰቡ። በእኛ ልማድ በዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ሀዲስ ዓለማየሁ «ሀ» ላይ፣ በዓሉ ግርማ «በ» ላይ ይገኛሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሀዲስ እንጂ አባታቸው አልጻፉትም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ክብሩን ለአባት ይሰጣል። ለወላጅ ክብር መስጠቱ ባልከፋ፣ ፈላጊው ግን ሰውየውን አጣው። በዚህ ላይ ማዕረግ አለ። አንድ ምሁር ጸሐፊያችን «ዶ/ር» ከስማቸው በፊት ካልገባ ከመዝገቡ አውጡኝ አሉ። ሌሎቹም ሰሙ። በማግሥቱ የዝርዝራችን ወፍራሙ ፊደል «ዶ» ሆነ። ሁለቱንም ስም «የሚታይ ስም» በሚለው ቦታ አንድ ላይ አስገብተን፣ ማዕረጉን ወደ አጭር የሕይወት ታሪኩ አውርደን፣ መደርደሪያውን በዚያው በሚታየው ስም አደረግነው። ዶክተሩ እስካሁን በአካል ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ከዚያ የሞክሼ ሆሄያት ጣጣ መጣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው በ1904 ዓ.ም. ካታሎግ ያሳተሙ፣ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው የደገሙት ሰው ናቸው። ማን ምን ጻፈ ለሚለው ጥያቄ ያለ ፕለጊን መልስ የሰጡ ማለት ነው። አሁን እስቲ እሳቸውን እንፈልጋቸው። የመጀመሪያዋ ሆሄ «ኅ»ም «ሕ»ም «ህ»ም ሆና ትጻፋለች፤ ሦስት። «ሥ» ወይም «ስ»፤ ሁለት። «ሴ» ወይም «ሤ»፤ ሁለት። ሲባዛ 12 ሆነ። «ወልደ ሥላሴ» ተለያይቶ ይጻፋል፣ ተጋጥሞ ይጻፋል፣ በአሕጽሮት «ወ/ሥላሴ» ይባላል፤ በሦስት አባዙት። 36። መጻሕፍትን በዝርዝር ያስቀመጡት ሰው ስማቸው ብቻ በ36 መንገድ ይጠፋል።

ኮምፒዩተሩን መውቀስ አይገባም። ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዕትም 3.0 ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ሰጠ፤ ሃሌታው ሀ ሌላ፣ ሐመሩ ሐ ሌላ፣ ብዙኃኑ ኀ ሌላ። ዳታቤዙ የእንግሊዝኛውን ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል አንድ አድርጎ ማየት ያውቃል፤ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ ድምፃቸው አንድ ነው ብሎ የነገረው ግን የለም። ልጃችን መላ አገኘ። ዝርዝሩ ሲገነባም፣ አንባቢ ሲጠይቅም ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ሆሄ እንዲለወጡ የምታደርግ ትንሽ ኮድ ጻፈ። ፀሐይን በጸሎቱም ጻፍ በፀሐዩ ውጤቱ አንድ ሆነ። ደስ ብሎት በዚያው እጁ ገጹ ላይ የሚታየውንም ስም ለወጠው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ማነው በጸሎቱ ጸ የጻፈኝ?»

«ጋሼ፣ ለፍለጋው እንዲመች ብለን…»

«እኔ ከተጠመቅሁ ጀምሮ በፀሐዩ ነኝ። ለሚፈልገኝ እንዲመች ብዬ ስሜን ልቀይር?»

ትክክል ናቸው። ትክክለኛው አሠራር ማሽኑ በጓዳው እንደፈለገ አንድ ያድርግ፣ አደባባይ ላይ ግን ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይታይ የሚል ነው። ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለውን ሙግት የፈለገ ይሟገትበት፤ የሰው ስም ላይ ሲደርስ ግን ዳኛው ባለስሙ ነው።

ልጃችን እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን የቅጥያውን ነገር አነሣ። እኛ «በአበበ»፣ «የአበበ»፣ «ለአበበ»፣ «ከአበበ» እያልን ስሙ ላይ ስለምንለጥፍ ፍለጋው አበበን አያውቀውም። ስለዚህ ቃል ሁሉ በ«በ»፣ በ«የ»፣ በ«ለ»፣ በ«ከ» ከጀመረ የፊቱ ሆሄ ይቆረጥ ተባለ። አበበ ተገኘ። ከበደ ግን «ደ» ብቻ ሆነ። ለገሠ «ገሠ» ሆነ። የሺ አንድ ሆሄ ጎደለባትና «ሺ» ሆና ቁጥር ክፍል ገባች። «በለማ ተጻፈ» ሲባል መቁረጫው አንዴ ቆርጦ ለማን አገኘ፤ አየውና ይህም በ«ለ» ይጀምራል ብሎ ደገመው፤ «ማ» ቀረ። ማ? ብሎ የጠየቀም ያለ ይመስላል። የከፋው የበላይ ነው። በላይ ሲቆረጥ «ላይ» ይሆናል፤ «ላይ» የሌለበት የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የለም። በላይን የፈለገ አንባቢ የመጽሔቱን መዝገብ በሙሉ ተሸክሞ ሄደ። በላይ ራሱ ግን ቅር አላለውም። በመጨረሻ የማይቆረጡ ስሞች ዝርዝር ወጣ፤ መቁረጫው በዚያ ዝርዝር ላይ ያለን ስም ሲያገኝ እጁን ይሰበስባል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መልአኩ ግን ስለ ፍለጋ ፕለጊን ያሰበ አይመስልም። የኢትዮጵያ ስም ትርጉም አለው፤ ትርጉም ያለው ቃል ደግሞ ሰዎች ሌላ ነገር ሲፈልጉ የሚጽፉት ቃል ነው። የደራሲ ስም ፍለጋ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነውን አስቡት። የምግብ ዓምድ የምታዘጋጀው ሰላም ብትባል፣ ስለ ሰላም ስምምነት የሚፈልግ ተመራማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው የሽሮ አሠራር ነው። ታሪክ የሚባል የስፖርት ዘጋቢ ካለ፣ ታሪክ የሚያጠና ተማሪ የግብ ብዛት ይቆጥራል። የኀዘን መግለጫዎቹን የምታስተናግደው ደግሞ ደስታ ብትባልስ? «ደስታ» ብሎ የጻፈ አንባቢ እንባውን እያበሰ ይወጣል። አዲስ የሚባል ጸሐፊ ካለማ አዲስ አበባ የሚል ጽሑፍ ሁሉ ይጨመርለታል፤ ሳይጽፍ ከአድሚን ጋር ይስተካከላል።

ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው ክብደት ነው፤ ፕለጊኑ ቃሉ ርዕስ ላይ ሲገኝ ይህን ያህል፣ የደራሲ ስም ላይ ሲገኝ ያን ያህል ነጥብ ስጥ ተብሎ ይታዘዛል። ሁለተኛውና የሚሻለው ግን ከሳጥኑ አጠገብ «በጸሐፊ ፈልግ» የሚል ሌላ ምርጫ ማኖር ነው። ሰላምን የፈለገ ሰላምን፣ ወይዘሮ ሰላምን የፈለገ ወይዘሮ ሰላምን ያገኛል።

መቁረጫው ከመምጣቱ በፊት የሆነ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀረሁ። «ወግ» ብዬ ጻፍኩ። «ምንም አልተገኘም» አለኝ። መጽሔቱ በየዕትሙ ወግ የሚል ዓምድ አለው። «ቡና» አልኩ፤ የለም። «ጤፍ» አልኩ፤ የለም። የአዲስ አበባ መጽሔት ቡናም ጤፍም የለውም ማለት ነው። ነገሩ ሲጣራ ፕለጊኑ ከሦስት ሆሄ በታች የሆነን ቃል ቃል ብሎ አይቆጥርም። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የራሱ የጽሑፍ ፍለጋም ቢሆን ዛሬ በሚዘወተረው ዓይነቱ፣ ካልነኩት ልኩ ያው 3 ነው። ለላቲን ፊደል ሦስት ሆሄ ኢምንት ነው። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውን ከነአናባቢው በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ በሁለት ሆሄ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ሕግ ይወጣል፣ ጠጅ ይጠጣል። በዚህ ሕግ በሕፃንነታችን የምናውቀው አበበ በሶውንም መብላቱንም ተነጥቆ ብቻውን ይቀራል። ጫላማ ከነጩቤው ደብዛው ይጠፋል፤ የሚተርፈው መጨበጡ ብቻ ነው። ጸሐፊዎቻችን ሳራ፣ ሩት፣ ሙሉና ለማም እንዲሁ በሌሉበት ተፈርዶባቸው ነበር። ቁጥሯን ከ3 ወደ 2 ዝቅ ማድረግና ኢንዴክሱን ማስገንባት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ይቺ እንኳ እውነትም አንድ ራይት ናት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ለጋሼ ደውዬ ስማቸውን እንዲጽፉ ነገርኳቸው። ጽሑፎቻቸው ከነፀሐዩ ፀ ተራ በተራ ወጡ፤ ትችቱም ከሁሉም በታች አለ።

«አሁን ታወቅን፣» አሉ ድምፃቸው ሞቅ ብሎ። ትንሽ ቆዩና ዝቅ አድርገው፣ «ያቺን የመጨረሻዋን ማጥፋት ይቻላል?» አሉኝ።

«ፕለጊኑ እሷን አይችልም ጋሼ።»

«አንተስ?»

«እኔም አልችልም።»

«ይሁን፤ እሱም ደክሞ ጽፎታል፤ ስሙን ግን በትክክል ጻፉለት።»

በዚህ ሥራ ከሰማሁት ሁሉ የጋሼ ቃል ይበልጣል። የብራና ጸሐፊዎች መጽሐፉ ሲያልቅ የጻፈውንና ያስጻፈውን ሰው ስም መጨረሻው ላይ ያኖሩ ነበር፤ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ ደግሞ የቀድሞውን ባለቤት ስም ፍቆ የራሱን የሚጽፍበት አልጠፋም። ብራና የፋቀ ሰው ቢያንስ ቢላዋ ማንሣት ነበረበት፤ ዛሬ ስም ለማጥፋት ኮፒ ፔስት ይበቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንል ሰዎች የሕያው ጸሐፊን ስም ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ማሻገር አቅቶናል። ጥፋቱን ሁሉ ማሽኑ ላይ መለጠፍም አያዋጣም፤ ማሽኑ የሚያውቀው የነገሩትን ነው።

ድረ ገጽ ያላችሁ አዘጋጆች ሆይ፣ ለጸሐፊዎቻችሁ የየራሳቸውን መግቢያ ክፈቱላቸው፤ ስማቸውን በየትኛው ሀ እና በየትኛው ሰ እንደሚጽፉ ራሳቸውን ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ሳትለዋውጡ ያንኑ ጻፉ። እናንተ አንባቢዎች ደግሞ ደስ ያላችሁን ጽሑፍ በቴሌግራም ስታጋሩ የጸሐፊውን ስም አብራችሁ አጋሩ።